የአንድ ስንዝር ክፍተት ጠባቂ

ስለ አገራችን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሹማምንቱ ወይም ከወንዙ ይጀምራሉ። እኔ ለሹማምንቱ ቅርብ ሆኜ አላውቅም፤ ወንዙም ከተማችንን በሩቁ ነው የሚያልፋት። ስለዚህ ከገመድ እጀምራለሁ።

ስሜ ቢያድግልኝ ይባላል። ሙያዬ ገመድ ሰኪነት ነበር። በከተማችን መኪና ሁሉ የሚሄደው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ በመውጫው በር አጠገብ ስድስት የመሙያ ምሰሶዎች ያሉት አንድ የገመድ ቤት ነበረን። በእኛ ዘንድ ማንም ሰው የገዛ መኪናውን ብቻውን አይሰካም። ሰኪው የገመዱን ራስ ይይዛል፤ ባለመኪናው ደግሞ ወርዶ የገመዱን ወገብ ይይዛል፤ ከዚያ «ይግባ?» «ይግባ» ተባብለው አንድ ላይ ይሰካሉ። ገመዱ ለአንድ ሰው የሚከብድ ሆኖ አይደለም። ለምን እንደዚያ እንደሚደረግ የሚያውቅም አልነበረም። ብቻ እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ ብቻውን ሲሰካ የታየ ሰው እንደ ባለጌ ይቆጠር ነበር።

ከተሰካ በኋላ አርባ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሰው ብዙ ያወራል። የልጁን ፈተና፣ የጎረቤቱን አጥር፣ የጥርሱን ሕመም፣ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሚስትም ልጅም የለኝም። አንድ ወንድም ነበረኝ፤ እሱም ሩቅ አገር ሄዶ ቀረ። ቢሆንም ብቸኛ ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጨዋታ የምወድ፣ ወዳጅ የበዛልኝ ሰው ነኝ ብዬ ነበር የማምነው። ሰዎቹ የሚቀመጡት ባትሪያቸው እስኪሞላ ብቻ እንደነበረ የገባኝ በኋላ ነው።

ከደንበኞቼ መካከል ወይዘሮ እማዋይሽ የምትባል የዳቦ መኪና ሹፌር ነበረች። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምላት፤ እዚህ ግን ልቤ እንደሚጠራት እጽፋለሁ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ያንሳል። በጠዋት ዳቦዋን ለየሱቁ አድርሳ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ትመጣለች። ሌሎቹ የገመዱን ወገብ በሁለት ጣታቸው ነው የሚይዙት፤ እሷ ግን ጭብጥ አድርጋ ነበር የምትይዘው። ከዚያ ባዶ የዳቦ ሳጥን ገልብጣ ትቀመጥና ስለ ባለሱቆቿ ታወራኛለች። ዳቦውን ሁሉ በአውራ ጣቱ እየተጫነ የሚቀበል አንድ ባለሱቅ ነበራት፤ እሱን ስታስመስል እኔ በሳቅ እሞት ነበር።

ይህ አስራ አንድ ዓመት ቆየ። አንድ ልነግራት የምፈልገው ነገር ነበረኝ። አርሜና አሳጥሬ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አምስት ቃል ነው። በየቀኑ፣ ዛሬ ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ እነግራታለሁ እላለሁ። ሠላሳ አምስተኛው ደቂቃ ሲደርስ ግን ስለ ጎማ አነሳለሁ። ነገም ትመጣ የለ፣ ምን ያስቸኩለኛል እያልኩ ነበር።

አንድ ቀን ከሌላ አገር አንዲት ባለሙያ ወደ ከተማችን መጣች። በአደባባዩ ላይ ሁለት ክብ የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች አሳየችን። አንዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ሌላውን ከአንድ መኪና ሆድ ሥር አሰረች። በሁለቱ መካከል የአንድ ስንዝር ክፍተት ነበር። ታችኛው ላይ ኃይል ሲለቀቅ፣ ላይኛው ምንም ሳይነካው የመኪናው ባትሪ መሙላት ጀመረ። ባለሙያዋ ምንም የተደበቀ ነገር እንደሌለ ለማሳየት አንድ ቀጭን እንጨት በክፍተቱ ውስጥ አሳለፈች። ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ሥራዬ ዓይኔ እያየ እየተቀበረ መሆኑን አላስተዋልኩም።

ያን ዕለት የከተማው ሹም አንድ ጥያቄ ጠየቁ። ሳይነካካ የሚሞላ ከሆነ እስከ ዛሬ ስንነካካ የኖርነው ለምንድን ነው አሉ። መልስ የሰጠ ሰው አልተገኘም። በእኛ አገር መልስ ያልተገኘለት ጥያቄ በሳምንቱ ሕግ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም ወጣ።

ስህተቱ የት እንደተጀመረ ደጋግሜ አስቤዋለሁ፤ በቅንነት ነው የተጀመረው። ያየነው ሁለት ሽቦና በመካከላቸው ያለ ባዶ ቦታ ነው። ሽቦ ድሮም ነበረን። አዲሱ ነገር ባዶው ነበር። ስለዚህ ኃይሉ የሚመጣው ከባዶው ነው ብለን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ደመደምን። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ደነገጠች።

«ኃይሉ ከክፍተቱ አይመጣም፤ በክፍተቱ ይባክናል እንጂ» አለች። «ክፍተት የተውነው መኪናው መንቀሳቀስ ስላለበት ብቻ ነው። በተቀራረቡ መጠን ይሻላል።»

ሹሙ በጥሞና አዳመጧት፤ አመሰገኗት፤ ከዚያም እስከ ከተማው በር ድረስ በክብር ሸኟት። ተመልሳ አልመጣችም።

ወዲያው የአለመነካካት ቢሮ ተቋቋመ። ኃላፊው ሊቀ ስንዝር ጥላዬ የተባሉ፣ ቀድሞ የሬሳ ሳጥን ይሠሩ የነበሩ፣ ልክ በመውሰድ የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። በሥራቸው ስንዝረኞች የሚባሉ ሠራተኞች ተመደቡ። እያንዳንዱ ስንዝረኛ ልኩ አንድ ስንዝር የሆነ እንጨት ይይዛል፤ ሁለት ነገር ተጠጋግቶ ሲያይ እንጨቱን በመካከላቸው ይሰዳል። እንጨቱ ካለፈ ደህና። ካላለፈ ግን የባለቤቶቹ ስም ይጻፋል።

መጀመሪያ ሕጉ ለመኪና ብቻ ነበር። ነገር ግን ለመኪና የጠቀመ ነገር ለሰው እንዴት ይነፈገዋል ተባለ። ፀጉር አስተካካያችን መቀሱን ከፀጉሩ አንድ ስንዝር አርቆ ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ ደንበኛውም በመስታወት ግራ ቀኝ ተመልክቶ «ደህና ነው» ብሎ አመስግኖ ይወጣል። በጥቂት ወር የሁላችንም ፀጉር ትከሻችን ላይ ደረሰ። በየቤቱ ድስት ከምድጃው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተንጠለጠለ፤ ለብ ያለ ወጥ መብላትም ለመድን። መምህራን ጠመኔውን ከሰሌዳው አርቀው አየር ላይ ይጽፉ ጀመር፤ ተማሪዎቹም እርሳሳቸውን ከደብተራቸው አርቀው ይገለብጡ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አንድም የወደቀ ተማሪ አልነበረም።

ሰላምታም ተለወጠ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ እጃቸውን ይዘረጉና አንድ ስንዝር ሲቀር ያቆማሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመልሳሉ። በክፍተቱ ውስጥ ሙቀት ይተላለፋል ይባል ነበር። ብዙ ሰዎች ተሰምቶናል ብለው መሰከሩ። ሲጠይቁኝ እኔም ተሰምቶኛል አልኩ። ምንም አልተሰማኝም ነበር። ጎረቤቴ እናቱ የሞተችበት ሰሞን ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ፤ ክንዳችንን ዘርግተን አየሩን አቅፈን ፊት ለፊት ቆምን። ሰውዬው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚደገፍበት ነገር ፈልጎ አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ ደግሞ ስንዝረኛው ቆሞ ያየን ስለነበር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ያችን እርምጃ አስታውሳታለሁ።

የገመድ ቤቱ ተዘጋ። ገመዶቹ ግን አልተጣሉም፤ በአንድ ስንዝር ልክ ተቆራርጠው ለየቤተሰቡ መለኪያ እንዲሆኑ ታደሉ። እኔንም ያለ ሥራ አላስቀሩኝም፤ የክፍተት ጠባቂ አደረጉኝ። በገመድ ቤቱ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ ተቆፍሮ ሽቦ ተቀብሮበት፣ መኪኖች እየሄዱ የሚሞሉበት ልዩ መስመር ሆኖ ነበር። በዚያ መስመር ላይ መቆም ክልክል ነው። የቆመ መኪና የቦታውን ባዶ ይጨርሰዋል ተብሎ ይታመናል። ሁሉም በተወሰነለት አንድ ዓይነት ፍጥነት መጥቶ ማለፍ አለበት።

ከመስመሩ ዳር አንዲት የጥበቃ ጎጆ ተሠራችልኝ። አንድ ካፖርት፣ አንድ የደንብ መጽሐፍና ሁለት ባንዲራ ተሰጠኝ። መኪና በደንቡ ሲያልፍ አረንጓዴውን አነሳለሁ። ከቆመ ቀዩን አነሳለሁ፤ ቀዩ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ስንዝረኞች ይደርሳሉ፤ መኪናው ይወሰዳል፤ የሹፌሩ መንጃ ፈቃድም ለዘለዓለም ይሰረዛል። ሹፌሮቹ ሁሉ ይህን ስለሚያውቁ የሚቆም አልነበረም። ስለዚህ እጄ እንዳይዘነጋ በየሰኞው ልምምድ ይደረግልኝ ነበር። ሁለት ስንዝረኞች ጎማ የተገጠመለት አግዳሚ ወንበር እየገፉ መጥተው ጎጆዬ ፊት ያቆሙታል፤ እኔም ቀዩን ብድግ አደርጋለሁ። ሊቀ ስንዝር ጥላዬ በሩቁ ቆመው ያዩኝና ዘግይተሃል ይሉኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን መዘግየቴ ቀረ። እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ መነሳት ለመደ፤ ተመሰገንኩ።

ሥራው አይከብድም። ከባዱ ነገር ማንም የማይቆም መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ያልፋል፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ጥርሱን ያመመው ሰው ያልፋል። የአጥር ጠብ የነበረባት ሴት ታልፋለች። ጥርሱ ይነቀል አይነቀል፣ አጥሩ ይፍረስ አይፍረስ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ማታ ሱቅ ገብቼ ሳሙና ስጠይቅ ድምፄ አልወጣ ይለኝ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተናገርኩ ያኔ ነው ትዝ የሚለኝ። ሆድ ይብሰኛል፤ ሳሙናዬን ይዤ እወጣለሁ።

አንድ ደንብ የጣስኩትን እዚህ ላይ ልናዘዝ። ምሳዬን በቆርቆሮ አድርጌ ከመስመሩ ጠርዝ፣ ከሽቦው በላይ አስቀምጠው ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ትንሽ ትንሽ ይሞቃል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሳዬ ደህና አድርጎ ይፋጃል። ሳያውቁት ምሳዬን ያሞቁልኝ የነበሩት እነዚያ ሳያዩኝ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ሁልጊዜ አመሰግናቸው ነበር፤ የሚሰማኝ ባይኖርም።

እማዋይሽም በየቀኑ ሦስት ሰዓት ላይ ታልፋለች። መጀመሪያ እጇን በመስኮት አውጥታ ታውለበልብልኝ ነበር፤ ይህ የጎን ክፍተትን ያጠባል ተብሎ ተከለከለ። አንገቷን ዘንበል ታደርግልኝ ጀመር፤ እሱም ተከለከለ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ እሷ ፊት ለፊት እያየች ታልፋለች፣ እኔም አረንጓዴውን አነሳለሁ። እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ።

በሦስተኛው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ፣ አንድ ጠዋት መስኮቷ ተከፍቶ ነበር። ልክ ፊቴ ስትደርስ «ደህና?» አለችኝ። አፌ ተያያዘ። አፌ እስኪፈታ መኪናዋ በሩን አልፏል። ቀኑን ሙሉ ስቆጭ ዋልኩ። ስለ አፍ የተጻፈ ደንብ አለመኖሩን ግን መጽሐፌን ገልጬ አረጋገጥኩ። በማግስቱ ፊቴ ስትደርስ «ደህና!» አልኩ። ስትስቅ አየኋት። አንድ ሰላምታ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ያን ዕለት ምሳዬን የበላሁት ብቻዬን እየሳቅሁ ነው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እንነጋገር ጀመር። የመስመሩ ፍጥነት ከአንድ ቃል በላይ ጊዜ አይሰጥም። አንድ ቀን እሷ አንድ ቃል ትሰጠኛለች፤ በማግስቱ እኔ እመልሳለሁ፤ ወይም እሷ ቀጥላ ትጨርሰዋለች። ሰው አንድ ቃል ሲሰጠው እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። «ዝናብ» ብትለኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ ዝናብ ምን ልትል እንደፈለገች አስባለሁ። ጣሪያዋ አፈሰሰ እንዴ? ዳቦው ራሰባት? በማግስቱ «ናፈቀኝ» ትላለች፤ እኔም ሰማዩን እያየሁ እውላለሁ። ይህን የምናደርገው እኛ ብቻ እንሁን ሌላም ሰው ይኑር አላውቅም።

አንድ ሳምንት ግን አራት ቃል አከታትላ ሰጠችኝ። «መኪናው»፣ «ከፍ»፣ «ብሎ»፣ «አይሞላም»። ገባኝ። የዳቦ መኪናዋ ድሮ ለጭቃ መንገድ ተብሎ በረጃጅም ጎማ የተሠራ ነው፤ ሆዱ ከመንገዱ ሁለት ስንዝር ይርቃል። ኃይሉ እየባከነ የሚደርሳት ትንሽ ነበር። መድከሙን እኔም አይቼዋለሁ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀስ እያለ ነበር የሚያልፈኝ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር መናገር አለብኝ። መኪናው ሲዳከም ደስ አለኝ። ቀስ ባለ ቁጥር ጊዜ ይተርፈናል። አንድ ቀን ሁለት ቃል አለችኝ፤ ሌላ ቀን ሦስት። ምን ማድረግ እንዳለባት አውቅ ነበር፤ ሳልነግራት አራት ቀን አሳለፍኩ። በአምስተኛው ቀን መኪናው እየተንገዳገደ ሲያልፍ ፊቷን አየሁት፤ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ልመና ላይ ያለች ትመስል ነበር። መስመሩ ላይ ከቆመች መንጃ ፈቃዷም ሄደ፣ እንጀራዋም ሄደ። በራሴ አፈርኩ። በማግስቱ ፊቴ ስትደርስ «አሸዋ!» ብዬ ጮህኩ።

ብልህ ሴት ናት፣ ወዲያው ገባት። ከዳቦ ሳጥኖቹ ሥር የአሸዋ ከረጢት ደርድራ መኪናውን አከበደችው፤ ሆዱ ወደ መንገዱ ዝቅ አለ፤ ባትሪው መሙላት ጀመረ። በሳምንቱ በሙሉ ፍጥነቷ መጥታ «ሞላ!» ብላኝ አለፈች። ደስ አለኝ፤ ከፋኝም። በገዛ ምክሬ ሦስቱን ቃል ወደ አንድ መልሼዋለሁ።

ምናልባት ላጣት ጥቂት ቀርቶኝ ስለነበር ይሆናል፣ ያን ሰሞን ያቺን አስራ አራት ዓመት የቆየች ነገር ልነግራት ቆረጥኩ። አምስት ቃል፣ አምስት ቀን። ሰኞ፣ የአግዳሚ ወንበሩ ልምምድ እንዳለቀ፣ ስታልፍ «እኔ» አልኳት። ማክሰኞ «ከእርስዎ»። ረቡዕ «ጋር» ስላት ዞር ብላ አየችኝ፤ አንገት ማዞር የተከለከለ ነው። ሐሙስ «መኖር» አልኩ። ፊቷ ተለውጦ ነበር፤ ወደ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ጊዜ አልነበረኝም።

የቀረኝ አንድ ቃል ነው። «እፈልጋለሁ» ነበር ቃሉ። ዐርብ ጠዋት መጋረጃዬን ዘግቼ፣ መቀሱን ከፀጉሬ አስነክቼ ፀጉሬን ራሴ ቆረጥኩት። ካፖርቴን ቦረሽኩ። ከአንድ ሰዓት ጀምሬ ጎጆዬ ደጃፍ ቆምኩ። ቃሉን በምላሴ ላይ አስቀምጬ እንዳይወድቅብኝ ምራቄን እንኳ ለመዋጥ ፈራሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ መኪናዋ መጣ። ፍጥነቱ ደህና ነበር፤ ሆዱም ዝቅ እንዳለ ነው። ሊደርስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው ቀስ አለ። ከዚያ ይበልጥ ቀስ አለ። ከዚያ ፊቴ መጥቶ ቆመ። እማዋይሽ በሩን ከፍታ ወረደች። ከሦስት ዓመት በኋላ መሬት ላይ ቆማ ሳያት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሽበት አብቅላለች። ጫማዋ ላይ ዱቄት ነበር።

ቀዩ ባንዲራ ተነስቶ አየሁት። እኔ አነሳሁት ማለት ይከብደኛል፤ ግን እጁ የእኔ እጅ ነው፣ ሌላ ሰው አልነበረም። ከኋላዋ የመኪኖቹ ጥሩምባ ይጮህ ጀመር። እሷ ወደዚያ አልዞረችም። ባንዲራውን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አቶ ቢያድግልኝ» አለች፣ «አምስተኛው ቃል ይሄ ነው?»

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ቃሉ እዚያው ምላሴ ላይ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን «መስመሩ ላይ መቆም ክልክል ነው» የሚል ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ ትንፋሽ የነገርኳት ረጅሙ ነገር ይኸው ነው።

«አውቃለሁ» አለች፤ ቀስ ብላ። ሌላ የምለው ካለኝ ብላ መሰለኝ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ስንዝረኞቹ መጡ። በእኔና በእሷ መካከል እንጨታቸውን ሰደው ለኩ፤ ሁለት ስንዝር ስለተገኘ በእኔ ላይ ጥፋት አልታየም። አሸዋውን መንገድ ዳር ደፍተው መኪናውን ወሰዱት። እሷም የዳቦ ሳጥኖቿን አንድ በአንድ አውርዳ ደራርባ ተሸክማ ሄደች። ዞር ብላ አላየችም።

በወሩ በአደባባዩ ተሸለምኩ። ሊቀ ስንዝር ጥላዬ ስለ ቅልጥፍናዬ ንግግር አደረጉ፤ ከዚያ ጉዳዩ በንባብ ተሰማ። መኪናው ሲመረመር ባትሪው ሙሉ ሆኖ መገኘቱን፣ ሹፌሯ ምንም ችግር ሳይገጥማት በገዛ ፈቃዷ ያቆመች መሆኗን፣ ለምን አቆምሽ ተብላ ስትጠየቅም ዝም ማለቷን አነበቡ። ሕዝቡ በንቀት አጉረመረመ። ባትሪው ሙሉ ነበር። አሸዋውን የመከርኳት እኔ ስሆን፣ ይህን ሌላ ሰው እስኪያነብልኝ ድረስ አላሰብኩትም ነበር። ቃሉን በደንብ ልትሰማው ብላ ነው የቆመችው። ሊቀ ስንዝሩ ሜዳሊያውን ከደረቴ አንድ ስንዝር አርቀው ያዙትና ለቀቁት፤ መሬት ወድቆ ተንከባለለ። ሕዝቡ አጨበጨበ።

አንድ እሑድ ቤቷ ሄድኩ። በሯ ዝግ ነበር። በደንቡ መሠረት ጣቴን ከበሩ አንድ ስንዝር አርቄ አንኳኳሁ። ውስጥ ሳህን ሲታጠብ ይሰማኛል። ደግሜ አንኳኳሁ፤ ሦስተኛም አንኳኳሁ። አየሩ ድምፅ የለውም። እጄን አንድ ስንዝር ወደፊት ብሰደው ኖሮ ትሰማኝ ነበር፤ ይህን እዚያው ቆሜ ሳለሁ አውቀው ነበር። ሳህኑ ታጥቦ አለቀ። እኔም ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዳቦ ቤቱ እማዋይሽን አላሰናበታትም። አሁን ዳቦውን የምታደርሰው በእግሯ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ባዶ ሳጥኖቿን ተሸክማ ከመስመሩ ዳር ባለችው የእግረኛ መንገድ ትመለሳለች። ያ በመኪና አንድ ቃል ያክል የነበረ መንገድ በእግር በጣም ረጅም ነው። ከታችኛው ጥግ ብቅ ካለችበት ጀምሮ ፊቴ እስክትደርስ፣ አልፋኝም በበሩ እስክትወጣ ድረስ፣ ሰው የሕይወቱን ታሪክ ጀምሮ ሊጨርስ ይችላል። ለእግረኛ የሚነሳ ባንዲራ የለም። እግረኛን አታናግር የሚል ደንብም መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ፈልጌዋለሁ።

በየቀኑ ደጃፌ ላይ ቆሜ እጠብቃታለሁ። ፊቴ ስትደርስ ሳጥኖቹን ከአንደኛው ትከሻዋ ወደ ሌላው ታዛውራለች፤ ለዚህም ትንሽ ቆም ትላለች። ፊቴ ሳትደርስም ሆነ ካለፈችኝ በኋላ ሌላ ቦታ ስታዛውር አይቻት አላውቅም። እኔ ዝም እላለሁ። ሳጥኖቹን ታስተካክልና ትሄዳለች።

ዛሬም ቆማ ነበር።